45 ወይስ 9 ሚሊ? ለቤት መጠበቂያ የሚሆን ሽጉጥ

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖቼ። የምንኖረው አሜሪካ ነው፤ ሁላችንም ግሪን ካርድ አለን። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ነኝ። ተመካክረን በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ልንገዛ ወስነናል። አንዱ “45 ውሰጂ” ይለኛል፣ ሌላው “ለሴት 380 ይሻላል” ይላል። ግራ ገባኝ። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ግሪን ካርድ ካለሽ የፌደራል ሕጉ አይከለክልሽም። የግዛትሽን ሕግ ግን ለብቻው እዪው። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሽጉጥ ቀርቶ ጥይት መያዝም ያስከስሳችኋል።

45፣ 380፣ 9 ሚሊ የሚባሉት የጥይት ዓይነቶች መጠሪያ ናቸው፤ ቁጥሩ የጥይቱን ውፍረት (ካሊበሩን) ይጠቁማል። 45ን የሚመክሩሽ ሰዎች የሚያዩት ውፍረቱን ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ አሜሪካዊው የጦር መሣሪያ ፈልሳፊ ጆን ብራውኒንግ ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው ነው። ኃይል አለው። ግን ኤፍቢአይ የሄደበትን መንገድ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ውስጥ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት ወኪሎች ተገደሉ። አንዲት 9 ሚሊ ጥይት ተጠርጣሪውን መትታ ልቡ ጋ ሳትደርስ ቀረች ተባለና ድርጅቱ ትልቅ ካሊበር ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ 10 ሚሊን ሞከረ፣ ቀጥሎ በ1990 የወጣውን 40 ያዘ። ከዓመታት በኋላ ግን ተመልሶ 9 ሚሊ ላይ አረፈ። የ9 ሚሊ ጥይት አሠራር በጣም ተሻሽሎ ነበር። ወኪሎቹም በ9 ሚሊ ፈጥነው፣ ሳይስቱ ይመቱ ነበር።

እኔም በራሴ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያ ሽጉጤ ትንሽዬ፣ ቀላል 40 ነበር። የመጀመሪያዋ ጥይት ኢላማው መሀል ገባች። ከሦስተኛዋ ጀምሮ ወደ ታች፣ ወደ ግራ መውረድ ጀመሩ። አሠልጣኙ ምንም ሳይናገር የጥይት ካዝናውን ተቀበለኝና ባሩድ የሌላት የመለማመጃ ጥይት መሀል ላይ ቀላቀለ። እሷ ላይ ስደርስ ሽጉጡ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ አለ። ለካ ገና ምላጩን ስቤ ሳልጨርስ እጄ ምቱን ፈርቶ ይሸሽ ነበር! ወደ 9 ሚሊ ስቀይር ጥይቶቼ መዳፍ በሚያህል ቦታ ተሰበሰቡ።

“ለሴት 380” የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ጥይቱ ራሱ ለስለስ ያለ ነው፣ እውነት ነው። ግን ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ኪስ ውስጥ በሚገባ ቀላል ሽጉጥ ነው፤ ቀላል ሽጉጥ ደግሞ እጅ ላይ ይራገጣል። አንዳንዶቹ ስፕሪንጋቸው ስለሚጠነክር ለማቀባበልም ያስቸግራሉ። ለቤት ከሆነ መካከለኛ መጠን ያለው 9 ሚሊ ውሰጂ። የእጅ አንጓሽ የሚያምሽ ከሆነ ግን በቀላሉ የሚቀባበል 380 አያሳፍርም። የመታች ትንሽ ጥይት ከሳተች ትልቅ ጥይት ትበልጣለች።

ጥይቱን ስትመርጪ ጫፉ ጎድጎድ ያለውን ያዢ። ሲመታ ስለሚሰፋ በሰው አልፎ ሌላ የመምታት ዕድሉ ያነሰ ነው። የቤት ውስጥ ስስ ግድግዳ ግን የቱንም አያቆምልሽም። ልጆችሽ በየትኛው በኩል እንደሚተኙ ዛሬውኑ አስቢበት። ኒው ጀርሲ ይህን ዓይነት ጥይት ከቤት ውጭ ይዞ መንቀሳቀስን ስለሚገድብ እዚያ የምትኖሩ አጣሩ።

ጥያቄ (ከሌላ ሰው)፦ ወንድሜ፣ አባቴ ማካሮቭ የሚባል ሽጉጥ ነበረው። እሱም 9 ሚሊ ይባል ነበር። ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እንኳን ጠየቅህ። የማካሮቭ 9×18 ነው። እኔ የምለው 9×19 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት ነው። 380ም 9×17 ስለሆነ “አጭሩ 9” ይሉታል። አንዱን ጥይት ለሌላው በተሠራ ሽጉጥ መተኮስ አይገባም፤ ሊጎዳህም ይችላል። ሽጉጡ ላይ የተቀረጸውንና የጥይቱ ሣጥን ላይ የተጻፈውን አስተያይ። ይህ ልዩነት ሕግ ውስጥም ይገባል። ጣልያን በ2021 ሕጓን እስክትለውጥ ድረስ 9×19 ሽጉጥ ለሲቪል አይፈቀድም ነበር፤ ሰው 9×21 ይይዝ የነበረው ለዚያ ነው። ሜክሲኮ ደግሞ 380 ትፈቅዳለች፣ 9×19ን ለጦሩ አስቀርታለች። እንግሊዝ ያላችሁ ከ1997 ወዲህ ሽጉጥ ለሲቪል ስለተከለከለ ነገሩ አይመለከታችሁም።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ማታ የት ላስቀምጠው?

መልስ፦ ትራስ ሥር በፍጹም፣ ቁም ሣጥን ላይም በፍጹም። ልጅ ወንበር ስቦ ይደርሳል። በጣት ቁልፍ የሚከፈት፣ ከአልጋው ወይም ከግድግዳው ጋር የታሰረ ትንሽ የብረት ሣጥን ግዢ፤ ከሽጉጡ በፊት። ከዚያ ሽጉጥ የሚያከራይ መለማመጃ ቦታ ሄደሽ 380፣ 9 እና 45 እያንዳንዳቸውን ሃያ ሃያ ጊዜ ተኩሺ። ወረቀቶቹን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝና አብረን እናያቸዋለን።