ክርክር፦ አሮጌ መኪና በዕድሜዋ ብቻ ከመንገድ ትውጣ?

ማርሽ ቀያሪው፦
ሰሞኑን አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። መኪና የሆነ ዕድሜ ካለፋት በሕግ ከመንገድ ትውጣ የሚል። ክሱ ብዙ ነው፤ ታጨሳለች፣ ሰው ትጨርሳለች፣ መሀል ላይ ቆማ መንገድ ትዘጋለች። እኔ አሮጌ መኪና እወዳለሁ፣ አልደብቅም። ለዚህ ክርክር ግን ፍቅሬን ወደ ጎን ትቼዋለሁ። የተሠራችበት ዓመት ዛሬ ፍሬኗ ይያዝ አይያዝ አይነግርህም። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት ጎማዋ የተላጨ፣ ፍሬን ዘይቷ ከፋብሪካ ስትወጣ የተሞላው የሆነ ስንት አለች! የዕድሜ ሕግ እሷን በክብር ያሳልፍና በሥርዓት የተያዘችውን ሽማግሌ ይጥላል። ስለዚህ ሁሉም በየጊዜው ይመርመር፣ የወደቀ ይውደቅ፣ ያለፈ ይነዳ። በሉ እንግዲህ።

ፍሬን ያዥ፦
ወንድሜ፣ ምርመራ የሚያየው መኪናዋ ላይ ያለውን ነው። መጀመሪያውኑ የሌላትን ምን ብሎ ይመረምራል? እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የመድን ኩባንያዎች የሚደጉሙት የአውራ ጎዳና ደህንነት ተቋም የ1959ን ሸቭሮሌ ቤል ኤር ከ2009 ሸቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጭቶ ነበር፣ ሁለቱም በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ። ያቺ ባለ ወፍራም ላሜራ ቤል ኤር የሹፌሩ ክፍል ራሱ ተጨማደደ። ሹፌር ተደርጎ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ የሚተርፍ አልነበረም። የማሊቡው አሻንጉሊት የተጎዳው እግሩን ብቻ ነው። "የድሮ መኪና ብረት ነው" የምትሉ ሰዎች ምስሉን ፈልጋችሁ እዩት። ዋናው የብረቱ ውፍረት አይደለም። የቱ ጋ ታጥፎ ግጭቱን ይምጠጥ፣ የቱ ጋ ንቅንቅ አይበል ተብሎ ታስቦ መሠራቱ ነው። ይሄን ደግሞ ምንም ያህል ብትንከባከባት ኋላ አትጨምርላትም።

ማርሽ ቀያሪው፦
ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ግን በሁለቱ መካከል 50 ዓመት አለ። የ1959 መኪና ይዞ በየጠዋቱ ሥራ የሚገባ ሰው ስንቱ ነው? ሰው "አሮጌ" ብሎ በየቀኑ የሚነዳው በአብዛኛው የ1990ዎቹንና የ2000ዎቹን መጀመሪያ ነው። ትከሻንም ወገብንም የሚይዘውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ቮልቮ እ.ኤ.አ. በ1959 አምጥቶታል። ፍሬን ስትረግጥ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ በ1978 መርሰዲስ ላይ ወጣ። ስትንሸራተት መስመር የሚያስይዛት መቆጣጠሪያ 1995። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መርማሪ መኪና እያጋጨ ውጤት ለሕዝብ መግለጽ የጀመረው 1997 ነው፣ ከዚያ በኋላ አምራቾቹ በሚሰጠው የደህንነት ኮከብ እየተሽቀዳደሙ የመኪና አካል በጥቂት ዓመት ተለወጠ።

እኔ መስመር አስምር ካላችሁኝ ባላት ነገር አሰምራለሁ። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ፣ ኤርባግና ኤቢኤስ የሌላትን ለየቀኑ ጉዞ አልነዳም፣ ልጅም አላሳፍርባትም። እሷን እሁድ ጠዋት መንገድ ጭር ሲል አውጥቼ ቀስ ብዬ እዞርባታለሁ። ካርቡሬተር፣ ማለት ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የድሮ መሣሪያ፣ ያላትን መኪና በጠዋት ብርድ አስነስቶ ማሞቅ ደስታ ነው፣ ሥራ ለረፈደበት ሰው ግን ቅጣት ነው!

ፍሬን ያዥ፦
ያ መስመርህ እኮ ዕድሜ ነው፣ በሌላ ስም ጠራኸው እንጂ። በተግባር ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት ያለው አብዛኛው ይወድቃል።

ማርሽ ቀያሪው፦
ይውደቅ። ግን ለምን እንደወደቀ ይታወቃል። በዚያው ዓመት ተሠርታ ሁሉም ያላት ደግሞ ታልፋለች። ልዩነቱ እሱ ነው።

ኩሽኔታ፦
እኔ ውሎዬ ጋራዥ ነው፣ ከሁለታችሁም ጋር ግማሽ ግማሽ እስማማለሁ። አሮጌ መኪና እኛ ጋ የምትመጣው በሞተር ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ሞተር ዘይቱ በሰዓቱ ከተቀየረለትና ውሃው ካልጎደለ ይሄዳል። የሚገድላት ጎማ ነገርና ዝገት ነው። ጎሚኒው ይሰነጠቃል፣ የፍሬን ቱቦው ከውስጥ ያብጣል፣ ከሥር ያለው ላሜራ በቀለም ተሸፍኖ ይበሰብሳል፣ ባለቤቱ ከላይ በሰም እያሸ ያበራታል።

ፍሬን ዘይት ስለተነሳ አንድ ነገር ልበል። ዘይቱ በቆየ ቁጥር ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሙቀት አይፈላም፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚፈላበት ሙቀት እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ፍሬን እየረገጥክ ስትወርድ ይፈላና አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለሉ ድረስ ይገባል። ይሄ በአሮጌም በአዲስም ያው ነው። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት ስንል ሰው ገንዘብ ልንበላ ይመስለዋል።

ኤርባግ አላት ብላችሁም አትኩራሩ። የጃፓኑን የኤርባግ አምራች የታካታን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚሆን የኤርባግ መንፊያ እንዲቀየር የተጠራበትን። ውስጡ ያለው ኬሚካል በዓመታት ሙቀትና እርጥበት ይበላሽና ግጭት ሲመጣ ብረቱን ሰባብሮ ሹፌሩ ላይ ይረጨዋል። ሰውም ገድሏል። ብዙዎቹ እናንተ "ምርጥ ዘመን" የምትሉት የ2000ዎቹ መኪና ላይ ያሉ ናቸው። የመኪናችሁን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ጥሪው ይመለከታት እንደሆነ አጣሩ።

ንጹህ አየር፦
ሁላችሁም ስለ ሹፌሩ ነው የምታወሩት! ኤርባግ የሌላት መኪና ብትነዳ የመጀመሪያው ተጎጂ አንተው ነህ፣ መርጠህ ገብተሃል። ጭሱን ግን የሚጠጣው ያልመረጠው ሰው ነው። ከኋላ የሚሄደው፣ መንገድ ዳር የቆመችው፣ በጀርባ የታዘለው ሕፃን። ካታሊስት፣ ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ መርዙን የሚቀንሰው ክፍል፣ የሌላት የቤንዚን መኪና የምትለቀው መርዝ ካላት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ካታሊስት ተገጥሞላት የነበረችውም ወይ ደፍኖባታል ወይ አውልቀው ሸጠውታል፣ ውስጡ ውድ ማዕድን ስላለ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ሙሉ በሙሉ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ያንን ለማስቀረት ያን ያህል ዓመት የፈጀው "የኔ መኪና ምን አጠፋች" የሚል ሰው ስለበዛም ጭምር ይመስለኛል።

ማርሽ ቀያሪው፦
ጭሱ ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርህም፤ መለኪያው ጭስ ማውጫው ላይ ይግባና ያጨሰች ትቁም። ግን አዲስ ስለሆነች ንጹህ ናት አትበለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የቮልስዋገን ጉድ ሲወጣ 11 ሚሊዮን ገደማ የናፍጣ መኪኖች ምርመራ ላይ ሲሆኑ ብቻ ጨዋ የሚሆን ሶፍትዌር ተጭኖባቸው ነበር። የዛሬ ናፍጣ ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያም ያጠራቀመውን የሚያቃጥለው በደንብ ሲግል ነው። ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ብቻ የምትነዳ ከሆነ ይደፈናል፣ መብራት ይበራብሃል፣ ከዚያ አንዳንዱ አስቦርቡሮ ያስወጣዋል። አዲስ መኪና ሆና ከአሮጌ ብሳ ታጨሳለች።

ንጹህ አየር፦
ቆይ ቆይ፣ የቮልስዋገኑ ነገር እኮ የተሸወደው ምርመራው ነው። አንተ "ይመርመር" ብለህ የምትመካበት ምርመራ! ይሄ ላንተ ነው ለኔ የሚመሰክረው?

ፍሬን ያዥ፦
😂 ይመለስ ጥያቄው።

ማርሽ ቀያሪው፦
ላንተም አይመሰክርም። የዕድሜ ሕግ ቢኖር ኖሮ እነዚያ መኪኖች አዲስ ስለሆኑ ማንም ሳይነካቸው ያልፉ ነበር። የያዛቸው መንገድ ላይ እየሄዱ የለካ ሰው ነው። ስለዚህ ምርመራው ይሻሻል፣ መንገድ ላይም በድንገት ይለካ። ደግሞ አዲስ ሁሉ የተሻለ ነው የሚለው ነገር ያናድደኛል። ማቀዝቀዣውን ለመቀነስ ዓይኔን ከመንገድ ነቅዬ ስክሪን ላይ ሦስት ጊዜ መንካት አለብኝ? አምራቾቹ ይሄን እድገት ብለው ሸጡልን። ዩሮ ኤንካፕ ራሱ ከእ.ኤ.አ. 2026 ጀምሮ ሙሉ ነጥብ የፈለገ አምራች ለፍሬቻ፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው ጠይቋል። አሮጌዋ መኪና ይሄ መቼ ጠፍቷት ያውቃል።

ሁለተኛ እጅ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። እናንተ ስለ ፍቅርና ስለ ኮከብ ታወራላችሁ። እኔ አሮጌ መኪና የምነዳው ሌላ የምገዛበት ስለሌለኝ ነው፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ከእናንተ ይበዛል። "ትታገድ" ስትሉ እኔ ነኝ የምታገደው። "ትመርመር" ስትሉም ያው ነው፣ ከወደቀች በምን ላሠራት ነው? ሀብታሙ መኪናዋን ቀይሮ ይሄዳል። ያለችኝን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላሠራት አልችልም፣ በየወሩ አንድ አንድ ነገር ግን እችላለሁ። ጋሼ ኩሽኔታ፣ ከምን ልጀምር? በቀና ይንገሩኝ።

ኩሽኔታ፦
እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። መጀመሪያ የሚያቆምሽን፣ ከዚያ መሪ ላይ ያለውን፣ ከዚያ የሚያስኬድሽን። የፍሬን ሸራና ዘይቱን አስቀይሪ፣ ቱቦዎቹን ከሥር ገብተው ይዩልሽ። ጎማሽን ጎኑ ላይ እዪው፣ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖረውም ከአሥር ዓመት ካለፈ ጣዪው፣ ከስድስት በላይ ከሆነ በየጊዜው አስፈትሺው። አሮጌ ጎማ "አዲስ ነው" ብለው እንዳይሸጡልሽም ይሄንኑ ቁጥር እዪ። ቀጥሎ መብራት ሁሉ ይብራ፣ የመሪው ጫፍ ይታይ። ቀለም፣ ወንበር፣ ቴፕ፣ እነሱ ይቆዩ። ሞተሩ ትንሽ ዘይት ቢበላም ለጊዜው እየሞላሽ ንጂ። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ግን እዚያ ላይ ንጹህ አየር ልክ ነው፣ አታስረዝሚው።

ንጹህ አየር፦
እህቴ እውነቷን ነው። እኔም እሷን ይቀጣ አላልኩም። የሚያግደው አካል ለሚታገደው ሰው ማሠሪያ ወይም መለወጫ ይደግፍ፣ ያለዚያ ዝም ይበል።

ፍሬን ያዥ፦
ማርሽ ቀያሪው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። ያቺ የእሁዷ መኪናህ ምርመራ ብትወድቅስ?

ማርሽ ቀያሪው፦
ትቆማለች። እስክትሠራ ሰሌዳዋን ፈትቼ አስቀምጣለሁ።

ኩሽኔታ፦
ወለሏን ምንጣፍ ገልጠህ አምጣት እንጂ አዲስ ቀለም ቀብተህ እንዳትመጣ። ለናንተ ለመኪና ወዳጆች መዶሻ ይዤ ነው የምጠብቀው።