የኮሎራዶ ተራራ ወንዞችና ሐይቆች በፀደይ፦ ለፍላይ ፊሺንግ የትኛው ውሃ፣ መቼ?

አዋሽ_ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአውሮራ ተነስቶ በዕለቱ ለሚመለስ ሰው፣ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ትራውት የሚባለውን ዓሣ በፍላይ ፊሺንግ (ነፍሳት በሚመስል ሰው ሠራሽ ዝንብ) ለማጥመድ የትኛው ውሃ ይሻላል? ያሰብኳቸው ሦስት ናቸው፦ በአይ-70 አውራ ጎዳና ዳር የሚወርደው ክሊር ክሪክ፣ ከቺዝማን ግድብ በታች ዴከርስ አካባቢ ያለው ሳውዝ ፕላት፣ እንዲሁም ሳውዝ ፓርክ ያሉት የስፒኒና የኢለቨን ማይል የግድብ ሐይቆች። ዘንጉ 9 ጫማ፣ ባለ 5 ቁጥር (መካከለኛ ክብደት ላለው ክር የሚሆን) ነው፤ ክሩ ተንሳፋፊ። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የትኛው ቀድሞ ይደፈርሳል? በስንት ሰዓትስ መድረስ ይሻላል?

ሽቅብ_ወንዝ፦
ቀድሞ የሚደፈርሰው ክሊር ክሪክ ነው። ከላይ ውሃውን የሚይዝለት ትልቅ ግድብ ስለሌለ የቀለጠው በረዶ በቀጥታ ይወርድበታል። በአብዛኛው ከሜይ አጋማሽ ጀምሮ ይሞላል፣ ጁን መጀመሪያ አካባቢ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ክሊር ክሪክን በኤፕሪል ጨርሱት፣ ሜይን ለዴከርስ አቆዩት። ዴከርስ የሚደርሰው ውሃ ከግድብ የሚለቀቅ በመሆኑ ሙቀቱም ጥራቱም ቶሎ አይለዋወጥም። ግድቡ ሞልቶ በአናቱ መፍሰስ ከጀመረ ግን ይህ ምክር አይሠራም።

ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ልጻፍ። በኤፕሪል ማልዶ መሄድ ትርፍ የለውም፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘው ውሃ እስኪሞቅ ዓሣው አይንቀሳቀስም። ከጠዋቱ 5 እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ያለው ይበቃል። የበረዶው ቅላጭ ከጀመረ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቀን ላይ የቀለጠው በረዶ ከሰዓት በኋላና ማታ ወንዙን ስለሚያደፈርሰው፣ በትንንሽ ወንዞች ላይ ንጹሕ ውሃ የሚገኘው በጠዋት ነው።

ቴርሞሜትር ያዙ፤ ከብዙ ዓይነት ዝንብ ይልቅ እሱ ይጠቅማል። ከ40 ፋራናይት በታች ከሆነ ትራውቱ ጥልቅና ዝግ ባለ ውሃ ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ ምግቡ አፉ ዘንድ ካልደረሰለት አይነሳም። ከ45 በላይ ሲሆን ወደ ፈጣኑ ውሃ ጠርዝ ይወጣል። ከ50 እስከ 60 ያለው ምርጡ ነው። የፍሰቱን መጠን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት በኢንተርኔት እዩ፤ ግን የዛሬው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም፣ ካለፉት ሦስት ቀናት ጋር አስተያዩት። በአንድ ሌሊት ዘሎ የጨመረ ውሃ ዓሣውን ከቦታው ያፈናቅለዋል፣ ከፍ ብሎም ቢሆን የረጋ ውሃ ግን ይጠመድበታል።

ነፍሳቱን በተመለከተ፣ ሚጅ (ትንኝ መሰል ጥቃቅን ነፍሳት) ዓመቱን ሙሉ አለ፤ የመንጠቆ ቁጥር 20 እና 22 ያዙ፤ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል። ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የሚባለው ትንሽ በራሪ ነፍሳት በፀደይ የሚወጣው ደመናማ፣ ካፊያ ወይም ስስ በረዶ ባለበት ቀን ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ መውጣቱ ያጥራል።

ሳውዝ_ፓርክ_ነፋስ፦
የሐይቁን ልመልስ። ስፒኒ የሚከፈተው በረዶው ሲለቅ ነው፤ በአብዛኛው በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ሰው የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ናቸው። ምክንያቱም ክረምቱን የሐይቁ ወለል 39 ፋራናይት አካባቢ ሆኖ የላዩ ከዚያ ይቀዘቅዛል። በረዶው ለቆ የላዩ ውሃ 39 ሲደርስ ክብደታቸው ይተካከልና ነፋሱ ሁሉንም ያማስለዋል፤ ኦክስጅን እስከ ወለሉ ይወርዳል። ከዚያ ቀድሞ የሚሞቀው ጥቁር ጭቃ ያለው ጥልቀት የሌለው ዳር ስለሆነ ትራውቱ እዚያ ይመጣል፣ ከ3 እስከ 6 ጫማ ውሃ ውስጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ወገቡ ድረስ ገብቶ ወደ መሐል ይወረውራል፣ ዓሣው ግን ከኋላው ነው። መጀመሪያ ከደረቅ ቆማችሁ ከዳር ጋር ትይዩ ወርውሩ።

ሁለት ዓይነት ዝንብ ይበቃል፦ ቁጥር 10 ጥቁር ወይም የወይራ ቀለም ያለው ሊች (አልቅት መሰል)፣ ቁጥር 14 እስከ 18 ካይሮኖሚድ (የሐይቅ ሚጅ መሰል)። ሊቹ በጣም ዝግ ብሎ ይጎተታል፣ አንድ ስንዝር ስቦ ቆም ማለት። ካይሮኖሚዱ ግን ዓሣው መንከሱን ከሚያሳይ ተንሳፋፊ ምልክት ሥር ተንጠልጥሎ ዝም ይላል፤ ከወለሉ አንድ ጫማ ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ልኩን ለማግኘት መንጠቆ መንቀያ መቆንጠጫችሁን ዝንቡ ላይ ቆንጥጣችሁ ወደ ውሃው አውርዱት፤ ወለሉን ሲነካ ምልክቱን ከውሃው ገጽ አንድ ጫማ ዝቅ አድርጋችሁ ክሩ ላይ እሰሩት። ባለ 5 ቁጥሩ ዘንግ ይሠራል፣ የሳውዝ ፓርክ ነፋስ ሲነሳ ግን ባለ 6 ይሻላል።

አዋሽ_ማዶ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወንዙ ላይ ሁለት ኒምፍ (ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ዝንብ) ከማስመጫ የእርሳስ ክብደት ጋር አንድ ላይ ሲታሰር ክሩ የሚጠላለፈው ለምንድን ነው?

ሽቅብ_ወንዝ፦
ሦስት ክብደት ያለውን ነገር እንደ ደረቅ ዝንብ አየር ላይ ደጋግሞ ማወዛወዝ ነው ችግሩ። አታወዛውዙት። ዝንቦቹ ቁልቁል ተንሳፍፈው ክሩ እስኪወጠር ጠብቁ፤ ከዚያ በአንድ ሰፊ ምት ሽቅብ ጣሉት። ከ20 ጫማ በላይ መወርወር አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 9 ጫማ ባለ 5ኤክስ ሊደር (ከዋናው ክር ጫፍ የሚታሰር ቀጭን ክር)፣ ከሥሩ 18 ኢንች 5ኤክስ ቲፔት (ዝንቡ የሚታሰርበት የመጨረሻው ክር፤ የኤክሱ ቁጥር ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል)፣ የመጀመሪያው ዝንብ። ከእሱ መንጠቆ ጎባጣ ላይ 16 ኢንች 6ኤክስ ታስሮ ትንሹ ዝንብ ይከተላል። እርሳሱ ከላይኛው ዝንብ 7 ኢንች ያህል ከፍ ብሎ፣ ሊደሩና ቲፔቱ ከተቋጠሩበት በታች ይገባል። ተንሳፋፊው ምልክት ከእርሳሱ በላይ የውሃውን ጥልቀት አንድ ተኩል ያህል ርቆ ይቀመጣል፤ ላዩ ከወለሉ ስለሚፈጥን ክሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አጋድሎ ነው የሚወርደው። ምልክቱ ከአረፋው ጋር እኩል ወይም ዝግ ብሎ መሄድ አለበት። ከአረፋው ከቀደመ ክሩ ዝንቡን እየጎተተው ነው፣ ዓሣውም አይነካውም፤ ክሩን አንስታችሁ ሽቅብ መልሱት። በአሥር ውርወራ አንዴም ወለሉን ካልነካ አንድ እርሳስ ጨምሩ። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ 6ኤክስ በደረቁ ሲጠብቅ ይግላል፣ ይዳከማል።

ቅላጩ ከመጣና ጉልበት በሚደርስ ውሃ ጫማችሁ በደብዛዛው እንኳ ከታየ መጠመዱ አያቆምም። መሐሉን ትታችሁ ከዳር አንድ ክንድ ተኩል ባልሞላ ርቀት ላይ ጣሉ። ቲፔቱን ወደ ወፍራሙ 3ኤክስ ቀይሩ፣ ቁጥር 8 የስቶንፍላይ (ከድንጋይ ሥር የሚኖር የውሃ ነፍሳት) ኒምፍ ወይም ቀይ ትል እሰሩ።

ጠጠር_ጠባቂ፦
አንድ ነገር ቀርቷል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሬይንቦው ትራውት ዕንቁላሉን የሚጥለው በፀደይ ነው። በተለይ ስፒኒንና ኢለቨን ማይልን በሚያገናኘው፣ ድሪም ስትሪም በሚባለው የሳውዝ ፕላት ክፍል ትላልቆቹ ከሐይቁ ሽቅብ ይወጣሉ። ወለሉ ላይ ከአካባቢው ነጣ ያለ፣ የተጠረገ የሚመስል ሞላላ ጠጠር ካያችሁ ጎጆው ነው። አትርገጡት፤ ዕንቁላሉ ከጠጠሩ ሥር ነው፣ አንድ ጊዜ መርገጥ ብዙውን ያጠፋዋል። ላዩ ላይ የቆመውን ዓሣም አታጥምዱ፣ ከጎጆው በታች ባለው ጥልቅ ውሃ የሚመገቡ ሌሎች አሉ።

ፈቃድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ጊዜው እንዳላለፈበት ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ቺዝማን ሸለቆ ውስጥ የተያዘ ትራውት ሁሉ ይለቀቃል፣ በዝንብና በሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ ነው የሚጠመደው። ከታች ያለው ደንብ በየክፍሉ ስለሚለያይ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ። ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጫማና ዌደራችሁን (ውሃ የማያስገባውን ሱሪ) አጥባችሁ አድርቁ፤ በጭቃው ቀንድ አውጣና በሽታ ይዛመታል።

ዲንሾ_ሠፈር፦
ለባሌ የሚያስብ ካለ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥም ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። እዚያ የሚቀልጥ በረዶ የለም፣ ወንዙን የሚያደፈርሰው ዝናብ ነው። ኮሎራዶ ፀደይ በሚሆንበት ጊዜ ባሌ የበልግ ዝናብ ላይ ስለሆነ ያንን ወር አትምረጡ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ውሃው ይጠራል። ዲንሾ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋ ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ።