«ሃቭ ደን» እና «ሃቭ ቢን ዱዊንግ»፦ ምርጫው በምን ይወሰናል?

ጥያቄ፦ አስጠኚ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ቅዳሜና እሑድ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ልጆቹ ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም የሚማሩት በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በሰዋስው ላይ የሚኖራቸው ክፍተት ወደ ሌሎቹ ትምህርቶችም ይከተላቸዋል፤ ስለዚህ ነገሩን በደንብ ሳልይዘው ላስተምራቸው አልፈልግም።

የምጠይቀው ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት («ሃቭ ደን») እና ስለ ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒዩየስ («ሃቭ ቢን ዱዊንግ») ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ «ድርጊቱ ካለቀ የመጀመሪያውን፣ እስከ አሁን ከቀጠለ ሁለተኛውን ተጠቀም» የሚል ነው። ሕጉ አጭርና ለማስታወስ የሚመች ቢሆንም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አፍርሰውብኛል። «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ቱሉ ዲምቱ ፎር ሲክስ ይርስ» የሚል ሰው ዛሬም የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ ነው፤ ኑሮው ሳያልቅ ግሱ የመጀመሪያውን መልክ ይዟል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግሞ እርጥቡን መሬት እያዩ «ኢት ሃዝ ቢን ሬይኒንግ» ማለት ይቻላል፤ እዚህ ዝናቡ አልቆ ሳለ ግሱ ሁለተኛውን መልክ ይዟል። ሦስተኛውን ያነሣችው አንዲት ተማሪ ናት፦ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ፎር ቴን ይርስ» ስንል ሰውየውን ዛሬም እናውቀዋለን፤ ታዲያ ለምን «ሃቭ ቢን ኖዊንግ» አይባልም ብላ ጠየቀችኝ። ለልጆቹ የሚገባና ከእነዚህ ምሳሌዎች ጋር የማይጋጭ ማብራሪያ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መምህር ከአቃቂ

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ያቀረቧቸው ዓረፍተ ነገሮችም ሕጉ የት ላይ እንደሚሰበር በትክክል ያሳያሉ። እኔ ሳስተምር «አልቋል ወይስ አላለቀም» የሚለውን መለኪያ ትቼ፣ ተናጋሪው ሊነግረን የፈለገው ስለ ውጤቱ ነው ወይስ ሥራው ሲሠራ ስለቆየበት ጊዜ የሚለውን አስቀድም ነበር። ሁለቱም የግስ መልኮች ያለፈውን ከዛሬ ጋር ያያይዛሉ። የሚለያዩት ዛሬ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ የሚመለከተው ሰው ዓይኑን በሚያሳርፍበት ነገር ነው።

አንዲት እናት ከጠዋት ጀምራ እንጀራ ስትጋግር ቆይታለች እንበል። እንግዳ መጥቶ የቤቱን ሙቀት፣ ሊጥ የነካውን እጇንና ገና ትኩስ የሆነውን ምጣድ ሲያይ «ሺ ሃዝ ቢን ቤኪንግ ኢንጀራ» ይላል። ስንት እንደጋገረች፣ ጨርሳ እንደሆነም ሆነ ሊጥ እንደቀራት ይህ ዓረፍተ ነገር አይነግረንም፤ የሚነግረን እስካሁን ምን ስትሠራ እንደቆየች ብቻ ነው። ያው እንግዳ ሰፌዱ ላይ የተደራረበውን ቆጥሮ ቢናገር ግን «ሺ ሃዝ ቤክድ ሰርቲ ኢንጀራስ» ማለት ይኖርበታል፤ ምንም እንኳ እርሷ ገና መጋገሯን ባታቆምም። «ሺ ሃዝ ቢን ቤኪንግ ሰርቲ ኢንጀራስ» የሚለውን እንግሊዝኛ አይቀበለውም፤ ምክንያቱም ቁጥር የውጤት መለኪያ ነው። ስለዚህ «ሃው ሜኒ» ወይም «ሃው ሜኒ ታይምስ» ለሚል ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያውን መልክ ይወስዳል፤ «ሃው ሎንግ» ለሚለው ደግሞ፣ ግሱ ሥራን ወይም እንቅስቃሴን የሚገልጽ እስከሆነ ድረስ፣ በአብዛኛው ሁለተኛው ይቀናዋል።

የዝናቡ ምሳሌም ከዚህ ጋር ይሄዳል። መሬቱን ያረጠበው እስከ ቅርብ ጊዜ ሲወርድ የቆየው ዝናብ ስለሆነ ተናጋሪው የሚያመለክተው ያንን ቆይታ ነው። ዝናቡ አቁሞ ይሁን ገና እየጣለ ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን አይወስንም፤ አድማጩ በመስኮት ያያል። በአንጻሩ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ዳቦ ተቆርሶ ገሚሱ ከቀረ «ሁ ሃዝ ቢን ኢቲንግ ማይ ብሬድ?» ይባላል፤ ምንም ካልቀረ ግን «ሁ ሃዝ ኢተን ማይ ብሬድ?» ይሆናል። ይህችን ጥንድ በክፍል ውስጥ በእውነተኛ ዳቦ ቢያሳዩአቸው ልጆቹ አይረሷትም።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅጽበት የሚፈጸሙ እንደ መጥፋት፣ መሰበርና ማግኘት ያሉ ድርጊቶች የሚለጠጥ ቆይታ ስለሌላቸው «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» እንላለን እንጂ ለአንድ ቁልፍ መጥፋት «ሃቭ ቢን ሉዚንግ» አንልም። አጭር ድርጊት ሲደጋገም ግን ድግግሞሹ ራሱ እንደ ቆይታ ይቆጠራል፤ «አይ ሃቭ ቢን ኮሊንግ ዩ ኦል ሞርኒንግ» ያለ ሰው ደጋግሞ ደውሏል። ጥሪዎቹን ከቆጠረ ወዲያው ወደ «አይ ሃቭ ኮልድ ዩ ስሪ ታይምስ» ይመለሳል።

መልስ፦ የቋንቋ ተማሪ ከሰበታ

መምህር ያሉት ላይ የተማሪዋን ጥያቄ የሚመለከት ነገር ልጨምር፤ እርሷ የነካችው ነጥብ ራሱን የቻለ ክፍል ነውና። ማወቅ፣ ማመን፣ መውደድ፣ ባለቤት መሆንና የመሳሰሉት በእንግሊዝኛ ሁኔታን እንጂ ሥራን አይገልጹም። ሰው ሌላውን ሰው «በማወቅ ላይ» ሆኖ አይታይም፤ ያውቃል ወይም አያውቅም። ስለዚህ እነዚህ ግሶች የቱንም ያህል ዓመት ቢቆጠርላቸው ኮንቲኒዩየስ አይሆኑም፤ «ሺ ሃዝ ኦውንድ ዚስ ሾፕ ሲንስ 2015» ትክክል ነው፣ «ሃዝ ቢን ኦውኒንግ» ግን አይደለም።

ይሁን እንጂ ለተማሪዎች ዝርዝር ሰጥቶ «እነዚህን በቃል ያዙ» ማለት በቂ ነው ብዬ አላምንም፤ አንዱ ግስ በአንዱ ትርጉሙ ሁኔታ፣ በሌላው ሥራ ይሆናልና። «ሃቭ» ባለቤትነትን ሲገልጽ «አይ ሃቭ ሃድ ዚስ ፎን ፎር ቱ ይርስ» ይላል፤ ችግር እየገጠመን እንደቆየ ስንናገር ግን «ዊ ሃቭ ቢን ሃቪንግ ፕሮብሌምስ ዊዝ ዘ ዋተር» ማለት ፍጹም ደህና ነው። «ቲንክ»ም እንዲሁ ነው፤ አስተያየት ሲሆን ሁኔታ፣ ሐሳብ ማውጣትና ማውረድ ሲሆን «አይ ሃቭ ቢን ቲንኪንግ አባውት ኢት» ይሆናል። «አይ ሃቭ ቢን ዋንቲንግ ቱ ቶክ ቱ ዩ» የሚለውም ከሕጉ ወጣ ያለ ቢመስልም በንግግር የተለመደ ነው።

ስለ «ሊቭድ» እና «ቢን ሊቪንግ» በአጭሩ፦ መኖር፣ መሥራትና ማስተማር ከ«ፎር» ወይም ከ«ሲንስ» ጋር ሲመጡ ሁለቱም መልኮች ትክክል ናቸው፣ ልዩነታቸውም ስስ ነው። ኑሮው ጊዜያዊ መሆኑ ሲሰማን ወደ «ቢን ሊቪንግ»፣ የጸና ሲሆን ወደ «ሊቭድ» እናዘነብላለን። ለ10ኛ ክፍል ከዚህ በላይ ማስጨነቅ አያስፈልግም።

መልስ፦ እናትና አስተማሪ ከኮዬ ፈጬ

እኔ ደግሞ ከአማርኛው ወገን ልምጣ፤ የልጆቹ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚያ ስለሆነ ነው። አማርኛችን ለዚህ ትምህርት ጥሩ መነሻ አለው፦ «ጋግራለች» እና «ስትጋግር ቆይታለች» የሚሉት የመምህርን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በደንብ ይለያሉ። ልጁ በልቡ «ሲ... ቆይቷል» ብሎ ሞክሮ ዓረፍተ ነገሩ ከተቃናለት፣ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛውም ኮንቲኒዩየስ ይቀበላል። «ሠላሳ እንጀራ ስትጋግር ቆይታለች» ሲባል ለጆሮም እንደሚጎረብጥ አስተውሉ።

መንገዱ ግን ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል፣ በሁለቱም ላይ ልጆቹን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። አማርኛ «ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ስለሚል ልጆቹ «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ» ወይም «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ» ብለው ይጽፋሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ከኋላ ተነሥቶ እስከ ዛሬ የደረሰን ነገር በፐርፌክት እንጂ በተራ የአሁን ጊዜ አይናገርም። («ሲንስ»ን ተከትሎ የሚጻፈውን ዓመተ ምሕረትም ያስተውሉ፤ በእኛ አቆጣጠር 2010 የገባ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ እንደ ወሩ 2017 ወይም 2018 ማለት አለበት።) ሁለተኛው ይበልጥ ረቂቅ ነው። «ተኝቷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ለብሷል» በመልካቸው ከ«ጋግሯል» ጋር አንድ ቢሆኑም የሚናገሩት አሁን ስላለ ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ልጁ ተኝቷል» በእንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ነው፤ «ሂ ሃዝ ስሌፕት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የአማርኛውን መልክ በቀጥታ ተከትሎ ነው። ከሰውነት አቀማመጥና ከልብስ ጋር የተያያዙትን እነዚህን ግሶች ለይቶ ለብቻ ማሠራት ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ጠያቂው፦ አስጠኚ ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእንጀራውን ምሳሌ ለልጆቹ አቅርቤላቸው ወዲያው ተረዱት፤ ሆኖም ከዚያው ሌላ ጥያቄ ተወለደ። በሰፈራችን መንገድ እየተጠገነ ስለሆነ አንዱ ልጅ «ዘ ሮድ ሃዝ ቢን ሪፔርድ» ብሎ ጻፈና «ሃዝ ቢን» ስላለበት ኮንቲኒዩየስ ነው ብሎ ተከራከረ። ሌላው ደግሞ በፈተና ላይ «ሲንስ» ወይም «ፎር» ካየ ሁልጊዜ ኮንቲኒዩየሱን እንደሚመርጥ ነገረኝ። እነዚህን እንዴት ልመልስላቸው?

መልስ፦ ጡረታ የወጣ መምህር ከአቃቂ

ሁለተኛው ቀላል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። «ሲንስ» እና «ፎር» ፐርፌክት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማሉ እንጂ ከሁለቱ መልኮች አንዱን አይመርጡም፤ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ሲንስ 2012» የሚለው በቂ ማስረጃ ነው። ልጁ ምርጫዎቹን ከማየቱ በፊት ግሱ ሥራ ነው ወይስ ሁኔታ፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቁጥር አለ ወይ ብሎ ይመርምር። «ኦል ዴይ» ወደ ኮንቲኒዩየስ ይገፋል፤ «ኦልሬዲ»፣ «ዬት» (ገና) እና «ኔቨር» በአብዛኛው ወደ ተራው ፐርፌክት ይወስዳሉ።

የመንገዱ ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ «ሃዝ ቢን» ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ከኋላው ያስከትላልና። ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ወደ አዳማ ስለሚሄደው የፍጥነት መንገድ «ዘ ኤክስፕረስዌይ ሃዝ ቢን ኦፕን ሲንስ 2014» ስንል ቀጥሎ የመጣው ቅጽል ነው፤ የተነገረውም መንገዱ ያለበት ሁኔታ ነው። «ዘ ሮድ ሃዝ ቢን ሪፔርድ» ስንል የመጣው ፓስት ፓርቲሲፕል (እንደ «ደን» ያለው የግሱ ሦስተኛ መልክ) ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ ፓሲቭ ነው፣ ማለትም ድርጊቱ የተፈጸመበት ነገር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኗል፤ ትርጉሙ «መንገዱ ተጠግኗል» ማለት ነው፣ ጥገናው ተፈጽሟል። «ዘይ ሃቭ ቢን ሪፔሪንግ ዘ ሮድ» ስንል ብቻ ነው ኮንቲኒዩየስ የሚሆነው፤ እርሱም በ«አይ ኤን ጂ» ይታወቃል። የእናንተ ሰፈር ጥገና ገና ካላለቀ ልጁ ሊጽፍ የሚገባው ይህን የመጨረሻውን ነው።

መንገዱን ባለቤት አድርጎ ያንኑ በፓሲቭ መናገር ቢፈልግ «ሃዝ ቢን ቢዪንግ ሪፔርድ» የሚል መልክ ይመጣል፤ ይህ በሰዋስው ደረጃ የሚቻል ቢሆንም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይሸሹታል። ከዚያ ይልቅ «ዘይ»ን ወይም «ወርከርስ»ን ባለቤት አድርጎ እንዲጽፍ፣ ወይም ስለ አሁኑ ብቻ መናገር ከፈለገ «ዘ ሮድ ኢዝ ቢዪንግ ሪፔርድ» እንዲል ይንገሩት።