ደሴን ለቆ ሐይቅ መግባት፦ ያዋጣል ወይስ ያስቆጫል?

በረካ ትድረሰኝ
ሰላም የሀገሬ ልጆች። እኔና ባለቤቴ ተነታርከን መስማማት ስላቃተን እናንተ ፍረዱን። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። አከራያችን ዘንድሮ ብቻ ሁለቴ ጨምረውብናል፤ ሦስተኛውን «ከመስከረም ጀምሮ» ብለው ከወዲሁ አስታውቀዋል። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ እሱ ባጃጅ ይነዳል። አምና ያረፉት አክስቱ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቤት ትተዋል፤ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ፣ ጓሮው ውስጥ አንድ እግር ሎሚ። ወራሹ እሱ ብቻ ስለሆነ ቁልፉ እጃችን ላይ ነው። እሱ «ነገውኑ እንግባ» ይላል። እናቴ ደግሞ «ሰው ወደ ደሴ ይመጣል እንጂ ከደሴ ይወጣል ወይ?» ብላ አኩርፋኛለች። ትልቋ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ትንሹ 3 ዓመቱ ነው፣ አስም አለበት፤ ክረምት ሲገባ ታቅፈነው ቁጭ ብለን ነው የምናነጋው። ደግሞ የኔ ብቻ ጉዳይ አይመስለኝም። መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ ወሬው ሁሉ ከደሴ ስለመውጣት ሆኗል። ምን ትላላችሁ?

የአራዳው ሾፌር
ይሄ ምኑ ያከራክራል? ግቢ! ሐይቅ እኮ ገጠር አይደለም። 30 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ አባዱላው ሞልቶ ይነሳ እንጂ መንገዱስ ቀላል ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ፣ ጦሳ ሥር ተወሽቃ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሐይቁ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 500 ሜትር ወረድሽ ማለት ጋቢሽን ሰቀልሽ ማለት ነው። እዚህ ሐምሌ የታጠበ ልብስ መስከረም ነው የሚደርቀው፤ ያ ልጅ በየትኛው ሳንባው ይቻለው?

የሌሊት ተረኛ
ሾፌር ሆነህ ሐኪም አትሁን ወንድሜ። ብርድና እርጥበት አስም ይቀሰቅሳል፣ ልክ ነህ። የማገዶ ጭስ፣ አቧራና የሻገተ ግድግዳም ይቀሰቅሳሉ። ዓመት ሙሉ ተዘግቶ የቆየ ቤት ነው የምትገቢው እህቴ፤ መጀመሪያ ግድግዳውን እዪው። መብራት ሲጠፋ ምጣዱን ጉልቻ ላይ የምታወጪው ከሆነ ደግሞ ልጁን ከጭጋግ አውጥተሽ ጭስ ውስጥ ከተትሽው ማለት ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። ስሟን በማልጠራት አንዲት ትንሽ ከተማ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ሌሊት ልክ እንደ ልጅሽ ያለ ሕፃን አመጡልኝ። አፍንጫው ይርገበገባል፣ በተነፈሰ ቁጥር ጎድኑ መሀል ያለው ቆዳ ስርጉድ ይላል። የኦክስጅኑን ሲሊንደር ስከፍተው ቀስቷ ዜሮ ላይ ተኝታለች። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ነዳጅ የለውም። የልጁ አጎት መንገድ ዳር ቆሞ ካደረ አይሱዙ ናፍጣ በላስቲክ ቱቦ በአፉ ስቦ ቀዳልን፤ ሪፈራሉን ስጽፍ አጠገቤ ቆሞ ናፍጣ እየተፋ ነበር። ልጁ ተርፏል። ሐይቅ እንደዚያች ከተማ ሩቅ አይደለም፣ አልዋሽም። ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ግን ዞሮ ዞሮ የምትላኪው ደሴ ነው። ስለዚህ የኪራዩን ብር ብቻ አትደምሪ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከደጃፍሽ ደሴ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ከጎረቤትም መኪና ያለው ማን እንደሆነ ጠይቂ።

ሐይቅ ዳር
እናንተ ግቢ አትግቢ ትባባላላችሁ፤ እኛን ግን የጠየቀን የለም። ተወልጄ ያረጀሁት ሐይቅ ነው። ከደሴ የሚመጣብን ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንዳንቺ የዘመዱን ቤት ሊከፍት የሚመጣ ነው፤ ነይ ልጄ፣ ቤትሽ ነው። ሁለተኛው ከከተማው ጫፍ የማሽላ ማሳ እያስቆረጠ የሚገዛው ነው። መሬት እንደማይሸጥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሽያጭ አይባልም። «ስጦታ» ይባላል፣ «ብድር» ይባላል። ሦስት ምስክር ይፈርማል፣ አለቀ።

ጎረቤቴ እንዲህ አድርጎ ማሳውን «ሰጠ»። በብሩ ለልጁ ሞተር ገዛ፣ የቤቱን ቆርቆሮ ቀየረ፣ የቀረው በየት እንደሄደ እሱም አያውቀው። ድሮ እዚያ ማሳ ላይ ማማ ሠርቶ፣ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ በዚያው ቦታ ላይ ለተሠራው ፎቅ ዘበኛ ነው። ማታ ማታ ሳልፍ ዱላውን ይዞ ድሮ ማማው የነበረበት ጥግ ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ፤ ሰላም ብዬው ዓይኑን ሳላይ አልፋለሁ።

አዝዋ ገደል
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ገበሬውን ሕፃን አደረጉት። ሰውየው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ማሳው ነገ በካሳ እንደሚነሳ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ቦታው በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ በ721 መሠረት ለጨረታ ይወጣል፤ እሱ ዳር ቆሞ ሲጫረቱ ያያል። ቀድሞ የሸጠው ለዚህ ነው። ጥፋተኛው ገዢው ነው ወይስ ገበሬውን እዚህ ያደረሰው አሠራር?

ደግሞ ይሄ የመጤ ነገር ወሎ ላይ ያምራል? ደሴ ራሷ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው የቆመች ከተማ ናት። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ያሉት ለምን ነበር?

ሐይቅ ዳር
አይጠየፍ የተባለው ሊያበላ ነው ልጄ። የሰው ማሳ ሊበላ ለመጣ አይደለም።

የአራዳው ሾፌር
ጋሼ ዘጉት! አዝዋ፣ ዛሬስ ቀማመሱህ።

አዝዋ ገደል
ተቀበልኩ። አሠራሩን ያልኩትን ግን አላነሳም።

ባቲ ሰኞ
እኔም ልግባ። ከኮምቦልቻ ወጥቼ ትንሽ ከተማ ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኪራዩም ሐኪሙም መሬቱም የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንቺን ግን እዚያ የሚያኖርሽም የሚያስወጣሽም ቅሬ ነው። (አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ፦ ዕድር የምትሉት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የተጣላም የሚታረቀው እዚያው ነው።)

የመጀመሪያውን ዓመት ቡና አፍልቼ ጎረቤት ስጠራ «እሺ፣ እንመጣለን» ይሉኛል፤ አይመጡም። ብቻዬን እንደተቀመጥኩ በረካው ይደርሳል። የናቁኝ መሰለኝ። አንድ ጠዋት ጥሩምባ ተነፋ። እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወደ ሥራ እጣደፋለሁ። ባለሱቁ «ወዴት ነሽ?» አለኝ። «ሥራ» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝ። ሱቁን ቆለፈ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገና ሄደ። ያን ቀን ገባኝ፤ በዚያ ዓመት ሦስት ቀብር አልፎኝ ኖሯል።

በማግስቱ የቅሬው ዳኛ (መሪው ማለት ነው) ቤት ሄጄ መዝገብ ላይ ተጻፍኩ። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ቀባሪው ያው የቅሬው ሰው ነው፤ ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ እኛ ውሃ እንቀዳለን፣ እንጀራ እናዋጣለን። መጀመሪያ ሰሞን በጣም ከብዶኝ ነበር፣ አልደብቅሽም። ከሥራ እየቀረሁ ከአለቃዬ ተጣልቻለሁ። በአራተኛው ዓመት እናቴ እኔው ቤት አረፈች። ሌሊት ነው። ሲነጋጋ በሩን ስከፍት ደጄ ላይ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ቆጠርኩት፣ ሃያ ሦስት ነው። ቧንቧ ከሄደ ሳምንት አልፎታል። ያን ሁሉ ውሃ ማን ከየት እንዳመጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደሴም ቅሬ አለ ትይኝ ይሆናል፣ አለ። ከተማ ግን ወርኃዊውን ከፍለሽ ልትጠፊ ትችያለሽ። እዚያ መጥፋት የለም። ባልሽ አካፋ ይዞ ያውቃል?

በረካ ትድረሰኝ
እትየ፣ አስለቀሱኝ። ባሌማ አካፋ ቀርቶ የባጃጁን ጎማ የሚያስቀይረው ለልጅ ከፍሎ ነው።

ሌላው ጭንቀቴ ትምህርቱ ነው። ሰው «የልጅሽን ዕድል ትዘጊባታለሽ» ይለኛል። እኔ እዚያው ሙያ ውስጥ ስላለሁ ደግሞ እንደዚያ ማለት ይከብደኛል። ከ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በአገር ደረጃ ነው። ትልቅ ከተማ ስለሆነ ብቻ ልጄ ትድናለች ማለት አልችልም። እዚህ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሦስት ልጆች በአንድ መጽሐፍ ነው የሚማሩት። እዚያ ለልጄ የማስጠናበት ሰዓት ካገኘሁ ይሻል ይሆን እላለሁ። ትልቋ ግን ጓደኞቼን አልለይም ብላ ምግብ ትታለች።

ስደት ያየ
ከተማ መጠጊያ ነው ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። በ2013 ክረምት ጦርነቱን ከወልድያና ከመርሳ የሸሸው ሰው «ደሴ ከገባን ተረፍን» ብሎ ነበር፤ ትምህርት ቤት ውስጥ አግዳሚ ገፍቶ ተኝቷል። ጥቅምት 2014 ላይ ደሴም ተያዘች፣ ኮምቦልቻም። ያ ሰው እንደገና ልጁን አዝሎ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን በእግሩ ወረደ። እኔም አንዱ ነበርኩ። የተጠጋሁት ማንም ከማያውቃት መንደር፣ የሚስቴ አጎት ጎጆ ነው። ስለዚህ ደህንነትን ለመሄድም ለመቅረትም ምክንያት አታድርጊው። ያኔ ያዋጣው ከተማውም ገጠሩም አልነበረም፤ የሚከፍትልህ ሰው ያለበት ቤት ነበር።

የአራዳው ሾፌር
ይሄን ካነበብኩ በኋላ «ግቢ!» ያልኩት ቀሎብኛል። ልጨምርበት፦ የባልሽ ባጃጅ የደሴ የጎን ቁጥር ነው ያለው። ዝም ብሎ ይዞት ወርዶ ሐይቅ ውስጥ ልሥራ ቢል ትራፊክ ያስቆመዋል፣ እዚያ ያሉት ባለ ባጃጆችም ዝም አይሉትም፤ ገበያው ለእነሱም አልበቃ። መጀመሪያ የባጃጅ ማኅበሩን ነገር ይጨርስ። ያለዚያ ኪራይ አድነሽ ገቢ ታጫለሽ።

የሌሊት ተረኛ
አሁን ሾፌር ሆንክ። እህቴ፣ የደሴውን ቤት ሳትለቂ ሐምሌና ነሐሴን እዚያ ሞክሪው። ልጁ የሚታመመው በክረምት አይደል? ፓፉን (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) ስንቴ እንደተጠቀመ ደብተር ላይ ጻፊ። ከዚያ ያንቺን ደብተር እንጂ የኛን አፍ አትስሚ።

ሐይቅ ዳር
ሲስተር ጥሩ ብላለች። እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦ የአክስትየዋ የቅሬ መዋጮ ካረፉ ወዲህ ተከፍሏል? ቤቱ እኮ መዝገብ ላይ ነው።

በረካ ትድረሰኝ
ጋሼ፣ ይህን ጠይቀውኝ ባሌን ብጠይቀው ዝም አለ። ለዳኛው ደወልኩላቸው። ካረፉ ጀምሮ አንድም ወር አልተከፈለም። «ለምን አልሰረዛችሁንም?» ብላቸው «ቤቱ ሰው ይገባበታል ብለን ነው» አሉኝ። ጥር ላይ ነፋስ የጣሪያውን አንድ ጎን ገልጦት ቅሬው ሚስማር አዋጥቶ መልሶ መትቶታል። እኛ ደሴ ተቀምጠን አልሰማንም። ቅዳሜ ውዝፉን ይዘን እንወርዳለን። መግባት አለመግባቱን ገና አልወሰንኩም።

የአራዳው ሾፌር
ቅዳሜ የኔ ተራ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት መነኸሪያ ድረሱ፣ ከልጁ አልቀበልም። ስትመለሱ ከዚያ ሎሚ አምጡልኝ።

ባቲ ሰኞ
ባልሽ አካፋ ይያዝ።