የዕቅድ ውይይት፦ በጎንደር የፒያሳና የአዘዞ ቢሮዎች ባክአፕ እና የቴፕ ማኅደር

ሰብሳቢ፦ ረቂቁን እዚሁ እናብስለው። ፒያሳ ያለው ሰርቨር 6 ቴራባይት ይዟል፤ ባክአፑም (መጠባበቂያ ቅጂውም) እዚያው ክፍል ነው። አዘዞ ሁለተኛ ቅጂ ይኑር፣ የዓመቱ መዝገብ ማግኔቲክ ቴፕ ላይ ይውጣ ብለናል። በመካከል ያለው መስመር በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው። እንዴት እናድርገው?

የኔትወርክ ክፍል፦ ከሒሳቡ እንጀምር። 10 ሜጋቢት ሙሉ ቢሠራ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ነው። ከምሽቱ 2 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 45 ጊጋ፤ ለመቆራረጡ ቀንሰን 35 ብለን እናቅድ። 6 ቴራውን በዚህ መስመር እንላክ ካልን ሌት ተቀን ሳይቋረጥም 55 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጂ በተመሰጠረ 8 ቴራ ዲስክ ተጭኖ በመኪና ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ የተለወጠው ብቻ ይሻገራል።

ሁለት ነገር ይጻፍልኝ። አርሲንክ (የተለወጠውን ብቻ የሚልከው ፕሮግራም) በከፊል የደረሰ ፋይል እንዲያቆይ ይታዘዝ፤ አለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ትልቁ ፋይል ከዜሮ ይጀምራል። የዳታቤዙ ግልባጭ ደግሞ ከመላኩ በፊት አይታመቅ። የታመቀ ፋይል መሀሉ ላይ ትንሽ ቢነካ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ስለሚለወጥ፣ አርሲንክ በየሌሊቱ አብዛኛውን እንደ አዲስ ይልከዋል።

የአዘዞ ቢሮ፦ ሁለት ቦታ ካለ ቴፑ ለምን አስፈለገ? ወጪው ቀላል አይደለም።

የሲስተም ክፍል፦ ወደ አዘዞ የሚሄደው ቅጂ ስሕተቱንም ይዞ ስለሚሻገር ነው። ፒያሳ በስሕተት የተሰረዘ ፎልደር ሌሊቱን አዘዞም ይሰረዛል፤ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የቆለፈውም እንዲሁ። ለዚህ ነው ቅጂውን አዘዞ ይጎትት እንጂ ፒያሳ አይግፋ የምለው፦ የፒያሳው ሰርቨር የአዘዞን የይለፍ ቃል ጭራሽ አይወቅ። አዘዞ ላይም የ30 ቀን ስናፕሾት (ዳታው በየቀኑ የነበረበት መልክ) ይቀመጥ። ቴፕ ግን ከማሽኑ ወጥቶ ሳጥን ከገባ ማንም በኔትወርክ አይደርስበትም።

ግዥ፦ ያገለገለ ኤልቲኦ-6 ቴፕ ድራይቭ (ማንበቢያና መጻፊያ ማሽን) በርካሽ ይገኛል። አይሆንም?

የሲስተም ክፍል፦ አንዱ ቴፕ 2.5 ቴራ ነው፤ ለ6 ቴራ ሦስት ካርትሪጅ (የቴፕ ካሴት) መቀያየር ሊሆን ነው። ነገ ድራይቩ ቢሞትና ኤልቲኦ-8 ብንገዛ ደግሞ የኤልቲኦ-6 ቴፕ አያነብልንም። ኤልቲኦ-8 ይሁን። ጨረታው ላይ «12 ቴራ ሳይታመቅ» ተብሎ ይጻፍ፤ ሳጥኑ ላይ የሚታየው 30 ቴራ ዳታው በደንብ ይታመቃል ከሚል ግምት የመጣ ነው።

ድራይቩ አዘዞ ሰርቨር ላይ በሳስ ገመድ (የዲስክና የቴፕ ድራይቭ ማገናኛ) በቀጥታ ይሰካ፤ ካርዱ ኤችቢኤ (ድራይቩን ከሰርቨሩ ጋር ብቻ የሚያገናኝ) እንጂ ዲስኮችን የሚያጣምረው የሬይድ ካርድ አይሁን። በቢሮ መስመር እንመግበው የሚል ካለ ይቅርበት። ዳታው በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት ገደማ በታች ሲወርድ ቴፑ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። ድምፁ ያስታውቃል፦ ወጥ ሆኖ መንሿሸቱ ቀርቶ እየተቆራረጠ ያጓራል። ቴፑንም ሄዱንም (የድራይቩን ማንበቢያና መጻፊያ ጭንቅላት) የሚበላው ይኸው ነው። ትንንሽ ፋይሎችም እንዲሁ ስለሚያዘገዩት አስቀድመው ዲስክ ላይ በታር ፕሮግራም ወደ ትልልቅ ጥቅል ይሰብሰቡ።

ግዥ፦ እንግዲህ አንድ ድራይቭ፣ ኤችቢኤ ከነገመዱ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ)፣ 2 ማጽጃ ካርትሪጅ። ቴፕ ስንት?

የሲስተም ክፍል፦ ለወር ተራ 3፣ ለዓመት መዝጊያ 2፣ መጠባበቂያ 1፤ ስድስት። ማጽጃው ድራይቩ ሲጠይቅ ብቻ ይግባ፤ አንዱ 50 ጊዜ ያህል ይሠራል።

የአዘዞ ቢሮ፦ በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የዓመቱ ቴፕ የሚጻፈው በሐምሌ ዝናብ ነው። ክፍሉም እርጥብ ነው።

የሲስተም ክፍል፦ ጥሩ አነሱት። ለረጅም ጊዜ ማኅደር ከ16 እስከ 25 ዲግሪ፣ እርጥበት ከ20 እስከ 50 በመቶ ይፈለጋል፤ የጎንደር ክረምት ከዚህ ያልፋል። አየር የማያስገባ ሳጥን፣ ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ)፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ዝርዝሩ ላይ ይጨመር። ከሌላ ቦታ የመጣ ቴፕ ሳይሠራበት 24 ሰዓት ድራይቩ ክፍል ይረፍ። የወደቀ ካርትሪጅ ደግሞ ዝም ተብሎ አይግባ፤ የካርትሪጁን በር ገልጦ ድራይቩ ቴፑን ይዞ የሚስብባት ፒን በቦታዋ መኖሯን ማየት ነው። ፒኗ ከተዛነፈች ድራይቩ ቴፑን መሳብ ያቅተዋል።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም የዓመት ቴፖች አዘዞ ይቀመጣሉ?

የሲስተም ክፍል፦ የለም፣ አንዱ ተጽፎ ከተመሳከረ በኋላ እንዳይጻፍበት የመቆለፊያ ምላሱ ተገፍቶ ወደ ፒያሳ ይመለስ። የተመሰጠረው ዳታ የሚፈታበት የምስጢር ቁልፍ ግን ከቴፑ ጋር በአንድ ሳጥን አይደር፤ ታትሞ በታሸገ ፖስታ፣ አንዱ እርስዎ ዘንድ፣ ሌላው ሒሳብ ሹሙ ዘንድ። በየ3 ወሩ ደግሞ አንድ ፎልደር ከቴፕ ወደ ባዶ ማሽን ተመልሶ ቼክሰሙ (ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየው ቁጥር) ይታይ።

ሰብሳቢ፦ ፖስታውን እቀበላለሁ። ግዥ፣ የዋጋ ማቅረቢያውን በ«12 ቴራ ሳይታመቅ» አውጡት።