«ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም»፦ ነጠላው ምንድን ነው?

የተማሪ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የሦስተኛ ክፍል ልጄ «ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ጽፎ መጣና «እማዬ፣ ነፍስ የላትም ማለት ነው?» አለኝ። ነፍሳት የነፍስ ብዙ ቁጥር ነው። ታዲያ አንዲቷን ጉንዳን ምን እንበላት? «አንድ ነፍስ» ያስኬዳል?

የሥነ ሕይወት መምህር፦
ዓረፍተ ነገሩ በይዘቱ ልክ ነው። ነፍሳት የምንላቸው ስድስት እግር፣ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት የተከፈለ አካል፣ በራሳቸውም ላይ ጥንድ አንቴና ያላቸውን ነው። ሸረሪት ስምንት እግር አላት፤ አንቴና የላትም፤ ራሷና ደረቷም አንድ ላይ የተያያዘ ነው። ወገኗ ጊንጥና መዥገር ናቸው።

የዋሸራ ተማሪ፦
እኅቴ፣ ስሙን አትጠራጠሪው። ነፍስ ከ«ነፈሰ» ነው፤ ነፋስም እስትንፋስም ከዚያው ይወጣሉ። ትንኝም ተርብም እስትንፋስ ስላላቸው ነፍሳት ተባሉ።

የሥነ ሕይወት መምህር፦
በሬስ አይተነፍስም? እርሱ ለምን ነፍሳት አልተባለም? እነዚህ እንዲያውም ሳንባ የላቸውም፤ አየር የሚገባላቸው በጎናቸው በተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው።

ቃል ለቃሚ፦
እኔ የሚመስለኝ «ጥቃቅን ነፍሳት» ከሚለው ቅጽሉ ወድቆ ስሙ ብቻውን የቀረ ነው። እስካሁን ከተገለጹት የእንስሳት ዝርያዎች ከግማሽ በላይ፣ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ነፍሳት ናቸው። ይህን ሁሉ ሠራዊት በነጠላ ማን ይጠራዋል?

የዋሸራ ተማሪ፦
ይህ ግምት ነው። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ቃል የሚመረመረው ከግሱ ነው። «እንስሳ»ን ተመልከቱ። ግሱ «አንሶሰወ» ነው፤ ተመላለሰ ማለት ነው። ዘፍጥረት 3፥8 «እንዘ ያንሶሱ ውስተ ገነት» ይላል። እንግዲህ እንስሳ ማለት የሚመላለስ ነው። አባቶች በአንድ ቃል የጨረሱትን እናንተ በምዕራፍ ትዘረዝራላችሁ።

የሥነ ሕይወት መምህር፦
ሰፍነግስ? በማቴዎስ 27፥48 ሆምጣጤ የሞሉባት ሰፍነግ የእንስሳ ቅሪት ናት። አፍ የላት፣ ነርቭ የላት፤ ካደገች በኋላ ከባሕር ወለል ጋር ተጣብቃ ውኃ እያጣራች ትኖራለች። እንስሳ ያሰኛት መመላለሷ አይደለም። እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ አታዘጋጅም፤ ሕዋሷም የተክል ሕዋስ ያለው ጠንካራ ግድግዳ የለውም።

የዋሸራ ተማሪ፦
እጯ አይዋኝም?

የሥነ ሕይወት መምህር፦
ይዋኛል፤ ለአጭር ጊዜ።

የዋሸራ ተማሪ፦
እንግዲያው ተመላልሳለች። አንድ ቀን የነገሠም ንጉሥ ይባላል።

ቃል ለቃሚ፦
«አንሶሰወ» መጨረሻው «ወ» ነው። በ«እንስሳ» ላይ «ወ»ው የት ገባ? እዚህ ላይ መልስ እፈልጋለሁ።

የተማሪ እናት፦
ልጄ ደብተሩን የሚያስረክበው ነገ ጠዋት ነው። ጉንዳኗን ምን ብሎ ይጻፋት?

የዋሸራ ተማሪ፦
የ«ወ»ን ነገር ላስረዳ። መጀመሪያ «ሰኰና»ን እንመልከት...