ፖሎ ላይ የምጠልፈው ክብ አርማ ሞላላ እየሆነብኝ ነው

ሰላም ባለሙያዎች፣ ጅማ ነኝ። ለአንድ የቡና ማኅበር ፖሎ ቲሸርት ግራ ደረት ላይ 8 ሴንቲሜትር ክብ አርማ በጥልፍ ማሽን እየጠለፍኩ ነው። ፍሬም (ጨርቁን የሚይዘው ማቀፊያ) ላይ እያለ ልክ ነው፤ ሲወጣ ግን ሞላላ ይሆናል፣ ዙሪያው ይጨማደዳል፣ በሙሌቱ (የቅርጹን ውስጥ በሚሞላው ስፌት) እና በጠርዙ መሃል ጨርቁ ብልጭ ይላል።

መርፌው 75/11 ጫፈ ድቡልቡል፣ ክሩ 40 ቁጥር ፖሊስተር፣ የመስመሮቹ ርቀት 0.4 ሚሊሜትር ነው። ጨርቁን ፍሬም ውስጥ ሳስገባ አልለጥጠውም። የምጠረጥረው የጀርባውን ደጋፊ (ጨርቁ እንዳይሳብ ከሥሩ የሚደረገውን ንጣፍ) ነው፦ ሂርማታ ገበያ ያገኘሁት በእጅ የሚቀደደውን ብቻ ነው። እሱን መርፌው ይበሳሳዋል፣ ከዚያ ተለጣጩን ጨርቅ የሚይዝለት የለም። ለፖሎ በመቀስ የሚቆረጠው ዓይነት እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ካልተገኘስ? የሚቀደደውን ሁለት ንብርብር አድርጌ በሚረጭ ሙጫ ባጣብቀው ከታጠበ በኋላ ይይዛል?

ሌላው ዲዛይኑ ነው። የመሳሳብ ማካካሻው (ክሩ ጨርቁን ሲስብ ቅርጹ እንዳይጠብ የሚጨመረው ስፋት) 0.2 ሚሊሜትር ላይ ነው፤ ወደ 0.4 ላሳድገው ወይስ መጀመሪያ ከሙሌቱ ሥር የመረብ ስፌት ልጨምር? ጠርዙ አሁን ከሁሉም ቀድሞ ይሰፋል፣ እሱም ወደ መጨረሻ መሄድ ያለበት ይመስለኛል።

ጨርቁ ጉድጓዳማ ስለሆነ 4 ሚሊሜትር ፊደሎቹም ይሰምጣሉ። ከላይ በውኃ የሚሟሟ ላስቲክ ይበቃል ወይስ ፊደሉ ራሱ ማደግ አለበት? ደንበኛው ማሳደጉን አልወደደውም።